የ1960ዎቹ የደሴ ፊልም እጃችሁ ሲገባ፦ ከቆርቆሮው አውጥቶ ቦታውንና ዘመኑን እስከ መለየት

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የሚታየው አዲስ አበባና ዙሪያዋ ብቻ ነበር። ካሜራው ግን አገር ይዞር ነበር። ባለሥልጣን ሲጎበኝ፣ በዓል ሲከበር ክፍለ ሀገር ይወጣል። በ1966ቱ የወሎ ረሃብ ጊዜ ደግሞ የውጭ አገር ጋዜጠኞችም መጡ። የተቀረጸው የወሎ ሰው ግን ራሱን በዜና አላየም። አዲስ አበባ አየችው፣ ለንደን አየችው፤ እሱ አላየውም።

ያ ፊልም ዛሬ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። አንዱ በጡረተኛ ካሜራማን ቤት፣ አንዱ በድሮ ፎቶ ቤት መጋዘን፣ አንዱ በትምህርት ቤት ቁም ሳጥን ጥግ ይገኛል። ሌላው የውጭ ዜና ድርጅቶች ኢንተርኔት ላይ በጫኑት ማኅደር ውስጥ አለ። ሲገኝ ግን ብዙ ጊዜ ዲዳ ነው። ምን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ አይናገርም። ይህ መመሪያ እንዲህ ያለ ፊልም እጁ የገባ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያሳያል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ዜናው የተሠራው ስለ ባለሥልጣኑ ነው። ባለሥልጣኑ ቀኑን ለማወቅ ይጠቅማችኋል። ከተማዋ ያለችው ግን ከጀርባው ነው። ጋሪው፣ የሱቁ ጽሑፍ፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ የምታየዋ ሴትዮ፣ ከካሜራው ኋላ የሚሮጡት ልጆች፤ የምንፈልጋቸው እነሱን ነው። ሥራው ሁሉ በዚህ ዓይን ይሠራ።

ስለ አቆጣጠር አንድ ቃል። ፈረንጆች «ሰባዎቹ» የሚሉት በእኛ ከ1962 እስከ 1972 ዓ.ም. ያለውን ነው። ከታች «ዓ.ም.» ስል የእኛን፣ «እ.ኤ.አ.» ስል የእነሱን ማለቴ ነው።

ደረጃ 1፦ የያዛችሁትን ለዩ

ማስመሪያ አምጡና የፊልሙን ወርድ ለኩ። 16 ሚሊ ሜትር ከሆነ የዜና ፊልም የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በዚያን ጊዜ የቴሌቪዥን ዜና በአብዛኛው በዚህ ነበር የሚቀረጸው። 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ ብዙውን ጊዜ የግል ቀረጻ ነው፤ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ወይም የውጭ አገር መምህር በመስኮት የቀረጸው መንገድ። 8 ሚሊውም ሁለት ዓይነት ነው። የጠርዙ ቀዳዳዎች ትልልቅ ከሆኑ የቀድሞው ነው። ትንንሽ ከሆኑ ኮዳክ በ1965 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሱፐር 8 ነው።

የግል ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። የዜና ካሜራማን የሚሄደው ባለሥልጣን ወዳለበት ነው። የግል ካሜራ ግን ጓሮ ይገባል፣ ገበያ ይገባል፣ ማንም ዜና ያላለውን ነገር ይቀርጻል።

ካሴት ካገኛችሁ ደግሞ የቴፑን ወርድ እዩ። ወደ 19 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ሰፊ ቴፕ ያለው ትልቅ ካሴት ዩ-ማቲክ ነው። ሶኒ ገበያ ላይ ያወጣው በ1971 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተቀረጸ ሊሆን አይችልም፤ ከሌላ ፊልም የተገለበጠ ካልሆነ በቀር። ከዚህ በታች የምለው በአብዛኛው ስለ ፊልም ነው። ለካሴት የምመክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያረጀ ካሴት በተገኘው ማጫወቻ ውስጥ አትክተቱ። ቴፑ ከዕድሜ ብዛት ተጣባቂ ስለሚሆን ማሽኑ ላይ ተላጥቶ ይቀራል። ባለሙያ ይንካው።

ርዝመቱን መገመት ይቻላል። የ16 ሚሊ 100 ጫማ፣ ማለትም 30 ሜትር ገደማ፣ 2 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ያህል ይሄዳል። 400 ጫማው 11 ደቂቃ ነው። አንድ የሱፐር 8 ጥቅል በተለመደው ፍጥነቱ 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይሆናል። እናንተ ትንሽ ነው ብላችሁ የምታስቡት ጥቅል ብዙ የከተማ ሕይወት ይይዛል።

ደረጃ 2፦ አሽቱት፤ አታጫውቱት

የመጀመሪያው ፈተና ይህ ነው። ሰው ፊልም ሲያገኝ ፕሮጀክተር ይፈልጋል። አትፈልጉ። ያረጀ ፊልም ይሸመቀቃል፣ ይደርቃል፣ የተቀጠለበት ቦታ ይላቀቃል። የፕሮጀክተሩ ጥርስ ቀዳዳውን አንዴ ከቀደደው የሚመለስ ነገር የለም። በዓለም ላይ ያለው ብቸኛው ኮፒ ሊሆን ይችላል።

ቆርቆሮውን አየር ባለበት ክፈቱና አሽቱ። የአቼቶ ሽታ ከመጣ ፊልሙ ታሟል። ፊልሙ የተሠራበት አሴቴት የሚባለው ፕላስቲክ ሲበሰብስ የሚያወጣው አሲድ ነው። አሲዱ ደግሞ መበስበሱን ያፋጥነዋል። ሙቀትና እርጥበት ሲጨመርበት ይብሳል። ስለዚህ አቼቶ የሸተተውን ከሌሎቹ ለዩት፤ መጀመሪያ ስካን የሚደረገው እሱ ነው። በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልላችሁ አታፍኑት። አሲዱ መውጫ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ የአገራችን አቀማመጥ ራሱ ይረዳል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች ናት፤ ትሞቃለች። ኮምቦልቻ ያለ ፊልም ካላችሁና ደሴ ዘመድ ካላችሁ የሐረጎን ዳገት አውጡት። ደሴ ላይ ግን ጠላቱ የክረምት ጉም ነው። ወለል ላይ፣ ከግድግዳ ተጠግቶ፣ ከማድ ቤት አጠገብ አይቀመጥ። ከመሬት ከፍ ያለ ደረቅ መደርደሪያ፣ ጭስና ፀሐይ የማያገኘው ክፍል ይበቃል። የአየሩ እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ መሃል ቢሆን ጥሩ ነው።

ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ካያችሁ አትጥረጉት፤ ወደ ምስሉ ትፈትጉታላችሁ። የዛገ ቆርቆሮ ከሆነ ፊልሙን ወደ ንጹሕ የፕላስቲክ ወይም የካርቶን ሣጥን አዛውሩት። አሮጌውን ቆርቆሮ ግን እንዳትጥሉ። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ እናያለን።

ፊልሙን ስትነኩ የጥጥ ጓንት አድርጉ፤ ከሌለ እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቁ። ጠርዝና ጠርዙን ብቻ ያዙ። የጣት አሻራ ቅባቱ ምስሉ ላይ ይቀራል።

ደረጃ 3፦ ቆርቆሮውን አንብቡ

ፊልሙን ከመንካታችሁ በፊት ቆርቆሮውን ከሁሉም አቅጣጫ በስልክ ፎቶ አንሱ። ክዳኑ ላይ የተለጠፈች ወረቀት፣ በእስክሪብቶ የተጫረ ቁጥር፣ ውስጥ የተጣጠፈች ቁራጭ ሁሉ ትነሣ። የካሜራማኑ የእጅ ጽሑፍ ከፊልሙ እኩል ዋጋ አለው።

ቀን ካገኛችሁ ግን ቶሎ አትመኑ። «73» የሚል ቆርቆሮ አስቡ። በእኛ 1973 ከሆነ ደርግ ነው፣ ቀበሌ አለ። በፈረንጅ 1973 ከሆነ ንጉሡ ዙፋን ላይ ናቸው፣ ወሎ በረሃብ ላይ ነው። በሁለቱ መሃል መንግሥት ተለውጧል። ጽሑፉ በአማርኛ ነው ወይስ በእንግሊዝኛ? የወሩ ስም ምን ይላል? እነዚህ ይረዳሉ፤ የመጨረሻውን ፍርድ ግን ምስሉ ይስጥ።

ከዚያ የፊልሙን መጀመሪያ ጥቂት ሜትር ቀስ ብላችሁ ፍቱና ጠርዙን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩ። የፋብሪካው ስም ታትሞ ታገኛላችሁ። ኮዳክ ከሆነ ክብ፣ አራት ማዕዘን፣ ሦስት ማዕዘን ወይም መደመር የመሰሉ ትንንሽ ምልክቶች ይኖራሉ። ፊልሙ የተመረተበትን ዓመት የሚያሳዩ ናቸው፤ ሰንጠረዡ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ምልክቶቹ በየ20 ዓመቱ ስለሚደጋገሙ አንዱ ምልክት የምትፈልጉትን ዘመን ወይም ከዚያ ሃያ ዓመት በፊት ያለውን ሊያመለክት ይችላል። የትኛው እንደሆነ መለየት አይከብድም። ደግሞ የምርት ዓመት የቀረጻ ዓመት አይደለም። ከዚያ በፊት አልተቀረጸም ማለት ብቻ ነው።

በአንዱ ጠርዝ ላይ ቡናማ መስመር ካለ ማግኔቲክ ድምፅ አለው ማለት ነው። ምንም ከሌለ ግን «ድምፁ ጠፍቷል» ብላችሁ አትዘኑ። ብዙ የዜና ፊልም ያለ ድምፅ ነበር የሚቀረጸው። ዜና አንባቢው ስቱዲዮ ተቀምጦ ምስሉ ሲያልፍ በቀጥታ ያነብበታል።

ስካን ከመደረጉ በፊት ምን እንዳለበት ማየት ከፈለጋችሁ ታብሌት ላይ ነጭ ገጽ ክፈቱ። ስስ ነጭ ወረቀት ደርቡበት። ፊልሙን በላዩ ዘርጉና ጥቂት ፍሬሞችን (ነጠላ ምስሎችን) በሌላ ስልክ አንሱ። ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ከሆነ ኔጋቲቭ ነው፤ ስልኩ ላይ ቀለሙን ገልብጡት።

ደረጃ 4፦ ስካን ማድረግ

ይህ ገንዘብ የሚጠይቀው ክፍል ነው። ፍሬም በፍሬም የሚያነሣ የፊልም ስካነር ያስፈልጋል። ግድግዳ ላይ አጫውቶ በስልክ መቅረጽ ስካን አይደለም። አዲስ አበባ መላክ፣ ምናልባትም ወደ ውጭ አገር መላክ ሊኖርባችሁ ይችላል። ሰው በእጁ ይዞት ይሂድ። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይጫን፣ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ አይላክ። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ከተሄደ የኤርፖርቱ ኤክስሬይ አያስፈራችሁ፤ ታጥቦ ያለቀን ፊልም አይጎዳውም።

ስካን ለሚያደርገው ሰው በጽሑፍ የምትሰጡት ትእዛዝ ይህ ይሁን። አንደኛ፣ ጥራቱ ከ2ኬ (ወርዱ 2,000 ገደማ የምስል ነጥብ ካለው) አይነስ። ሁለተኛ፣ ፋይሉ ፕሮሬስ ወይም እሱን የመሰለ ብዙ ያልተጨመቀ ዓይነት ይሁን፤ ለማየት የሚሆን ኤም ፒ ፎር ለብቻው ይጨመር። 11 ደቂቃ ፊልም በፕሮሬስ ወደ 15 ጊጋባይት ሊደርስ ይችላል፤ ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ። ሦስተኛ፣ የምስሉ ጠርዝ አይቆረጥ። የሱቅ ጽሑፍ ግማሹ ያለው እዚያ ጠርዝ ላይ ነው። አራተኛ፣ ፍጥነቱ በትክክል ይስተካከል፤ ሰው ሁሉ የሚሮጥ ከመሰለ ፍጥነቱ ተሳስቷል።

አምስተኛውን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ጥቁርና ነጩን በኮምፒውተር ቀለም አትቀቡት። ዛሬ አንድ አዝራር ተጭኖ ይሆናል። ነገር ግን ማሽኑ የሸማውን ጥለት ቀለም አያውቅም፤ ይገምታል። ከዚያ በኋላ የሚያየው ልጅ «የአያቴ ቀሚስ ሰማያዊ ነበር» ብሎ ያምናል። ከበሮና ክራር ደርቦ ማሳመርም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ እንዳለ ይቀመጥ።

ፊልሙ እጃችሁ ከሌለ

ብሪቲሽ ፓቴና አሶሼትድ ፕሬስ የድሮ ዜናዎቻቸውን በብዛት ዩትዩብ ላይ ጭነዋል። ስትፈልጉ የደሴን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በየዓይነቱ ሞክሩ። በአንድ ኤስ፣ በሁለት ኤስ፣ መጨረሻው ላይ አይ ያለበት፣ የሌለበት። ወሎንም በኦ፣ በኢ፣ በኤ ጻፉ። ሌላው ብልሃት «የኢትዮጵያ ረሃብ» ብሎ በእንግሊዝኛ መፈለግ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የተቀረጸው በዚህ ስም ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። በመሃሉ ግን የከተማ መንገድ፣ ጣቢያ፣ ገበያ ያልፋል። ማንም «ደሴ» ብሎ አልጻፈበትም። የሚያውቅ ዓይን ይፈልጋል።

ደረጃ 5፦ እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻ መዝግቡ

አንድ ጥቅል አንድ ቀን ማለት አይደለም። የዜና ፊልም ይቆረጣል፣ ይቀጠላል፣ ከሌላ ጋር ይደባለቃል። ለዚህ ከወሎ ታሪክ የበለጠ ማስረጃ የለም። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ አይቲቪ የወሎን ረሃብ አሳየ። ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ዘገባ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ያው ምስል በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። አሁን ግን ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር እየተፈራረቀ ተቆራርጦ ነበር። በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ምስሉ አንድ ሆኖ፣ በመቀሱ ሌላ ነገር ተናገረ። የእናንተም ጥቅል በማን እጅ እንዳለፈ አታውቁም።

ስለዚህ ደብተር ወይም ኤክሴል ክፈቱ። ካሜራው በተቀየረ ቁጥር አዲስ መስመር ይጀመር። ደቂቃና ሰከንዱን ጻፉ። ከፊት ያለውን በአንድ ዓምድ፣ ከጀርባ ያለውን በሌላ ዓምድ ጻፉ። የጀርባው ዓምድ ሁልጊዜ ይርዘም። ግምታችሁን ገና አትጻፉ። «ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ፎቅ፣ በረንዳ፣ ሦስት ጋሪ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው» በሉ። «ፒያሳ» አትበሉ።

ደረጃ 6፦ ዘመኑን ከምስሉ ማውጣት

በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው።

መጀመሪያ ጽሑፍ ፈልጉ። ታፔላ፣ ሰሌዳ፣ የግድግዳ መፈክር። «የወሎ ጠቅላይ ግዛት» የሚል ካያችሁ የንጉሡ ዘመን ነው፣ ወይም ገና ያልተቀየረ አሮጌ ታፔላ ነው። «የወሎ ክፍለ ሀገር» ከሆነ ደርግ ገብቷል። «ኢትዮጵያ ትቅደም» ከ1966 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ነው። «ቀበሌ» የሚል ታፔላ ከታየ ደግሞ ከሐምሌ 1967 በፊት ሊሆን አይችልም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የወጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ነው፤ የከተማ ቀበሌ ማኅበራት የመጡት ከእሱ ጋር ነው።

ሰንደቅ ዓላማው ላይ ያለውን አንበሳ አጉልታችሁ እዩ። ዘውድ ጭኖ መስቀል የያዘው የንጉሡ ነው። ዘውዱ ከሌለ ከለውጡ በኋላ ነው። የቢሮ ወይም የሱቅ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የማን ፎቶ ነው? ይህም እንደዚያው።

ልብስ ጥሩ ምስክር ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ቤልቦተም ሱሪና አፍሮ ጠጉር ከታየ ዘመኑ የእኛው ነው፤ በየትኛው ዓመት እንደሆነ ግን አይናገርም። ካኪ የለበሱ ወጣቶች በቡድን ሆነው ከገበሬ ጋር ከታዩ የእድገት በኅብረት ዘማቾች ሊሆኑ ይችላሉ። ዘመቻው የተጀመረው በታኅሣሥ 1967 ነው። ጎልማሶች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ፊደል ሲቆጥሩ ካያችሁ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን አስቡ፤ እሱ በ1971 ዓ.ም. ክረምት ነው የጀመረው።

መኪና በጣም ይረዳል። ቮልስ፣ ላንድሮቨር፣ ፊያት የጭነት መኪና በሁለቱም መንግሥት አሉ። ከጣሊያን የአሰብ መንገድ ጀምሮ ደሴና ኮምቦልቻ የጭነት መኪና አገር ናቸው። የወታደር መኪናውን ግን እዩ። የአሜሪካ ጂፕና ካሚዮን ከሆነ ቀድሞ ነው። ዩራልና ዚል ከሆነ ሶቪየት ኅብረት ከገባች በኋላ፣ ማለትም ከ1969 መጨረሻ ወዲህ ነው። ለዚህ የቆየ ሹፌር የመሰለ ዳኛ የለም። የመኪናውን አፍንጫ ብቻ አይቶ ሞዴሉን ይነግራችኋል።

ከዚያ ደግሞ የሌለ ነገር መፈለግ አለ። ኮምቦልቻን የሚያሳይ ምስል ላይ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ካለ የምትፈልጉት ዘመን አይደለም። ፋብሪካው የተሠራው በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ቢራ ፋብሪካው ካለማ ከ1990 ገደማ ወዲህ ነው። የቴሌቪዥን አንቴና ጣሪያ ላይ ከበዛም ወደ ኋላኛው ዘመን ሂዱ። ምስሉ ባለ ቀለም ሆኖ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ስርጭት ነው ከተባለ ተጠራጠሩ። ጣቢያችን ቀለም ያየው በአብዮቱ 10ኛ ዓመት፣ በ1977 ዓ.ም. መባቻ ነው። የውጭ ዜና ድርጅቶች ግን ቀድመውም በቀለም ይቀርጹ ነበር።

አሁን ባለሥልጣኑ ይጠቅማል። ማን እንደሆነ ከታወቀ አዲስ ዘመን ጋዜጣን አገላብጡ። ባለሥልጣን ወደ ክፍለ ሀገር ሲወጣ ጋዜጣው ይዘግበዋል፤ ቀኑን ይሰጣችኋል። የድሮው ጋዜጣ አዲስ አበባ በቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ እንዲሁም በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ይገኛል። ቀኑን ካገኛችሁ ባለሥልጣኑን አመስግናችሁ ወደ ጀርባው ተመለሱ።

ደረጃ 7፦ ጦሳን ጠይቁት

ሕንፃ ይፈርሳል፣ መንገድ ይሰፋል። ጦሳ አይንቀሳቀስም። ደሴ በተራራ ስለተከበበች በብዙ ምስል ላይ ከጣሪያዎቹ በላይ የተራራ መስመር ይታያል። በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል። ያንን መስመር ተጠቀሙበት።

አንድ ጥርት ያለ ፍሬም በትልቅ ወረቀት አሳትሙ። ይዛችሁት ውጡ። ወረቀቱን ከፊታችሁ ዘርግታችሁ የተራራው ጫፍ ከእውነተኛው ጋር እስኪገጥም ድረስ ተራመዱ። ወደ ግራ ስትሄዱ የቅርቡ ጉብታ ከሩቁ ጫፍ አንጻር ይንሸራተታል። ሁለቱ በወረቀቱ ላይ እንዳሉት ሲገጥሙ ካሜራማኑ የቆመበት ቦታ ላይ ናችሁ። ከዚያው ቦታ በስልካችሁ አሁን ያለውን አንሱ። ጠዋት ጠዋት ጉም ሳይኖር፣ ከመስከረም በኋላ ብትሠሩት ጥሩ ነው። ባሕር ዛፍ መስመሩን ከሸፈነባችሁ ወደ አንድ ፎቅ ቤት ሰገነት ለመውጣት አስፈቅዱ።

ብርሃኑም ይናገራል። ወደ ከተማዋ የዞረው የጦሳ ፊት ብርሃን ከመታው ጠዋት ነው። ጥላ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ማሳውን እዩ። ማሽላው ቆሞ ከሆነ መኸሩ አልደረሰም፤ ታጭዶ ከሆነ ከኅዳር በኋላ ነው።

ከሕንፃዎች ውስጥ አይጠየፍ ጥሩ መነሻ ነው። የንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ ከፍታ ላይ ስላለ ከሩቅ ይለያል። የጣሊያን ዘመን የፒያሳ ቤቶች በበረንዳቸውና በመስኮታቸው ቅርጽ ይታወቃሉ። ከሸዋ በር እስከ ሰኞ ገበያ ያለውን መንገድ ደግሞ በእግር ሂዱት፤ በመኪና አይታይም።

ደረጃ 8፦ ከታላላቆች ጋር ተቀመጡ

ይህን ደረጃ ከዘለላችሁ የቀረው ሁሉ ግማሽ ነው። በ1964 ሃያ ዓመቱ የነበረ ሰው ዛሬ ሰባን አልፎታል። ስለዚህ ስካኑ እስኪያልቅ አትጠብቁ። በስልክ ያነሣችኋቸው ጥቂት ፍሬሞችም ለመጀመር ይበቃሉ።

ማንን? የቆየ ሹፌር፣ የሰኞ ገበያ ነጋዴ፣ የወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረ፣ ፎቶ አንሺ፣ ልብስ ሰፊ፣ ጋሪ ነጂ። ልብስ ሰፊው የኮት ቅድ አይቶ ዓመት ይነግራችኋል። ገበያ የዋሉ እናቶች ደግሞ የሸክሙን ዓይነት አይተው ከየት አገር እንደመጣ ያውቃሉ። ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ጋብዙ። ያው አንድ መንገድ ቢሆንም አንዱ መድኃኔ ዓለምን፣ ሌላው የአረብ ገንዳን መስጂድ መነሻ አድርጎ ነው የሚያስታውሰው።

አቀራረቡ እንዲህ ይሁን። ቡና ይፈላ። ምስሉ በትልቅ ስክሪን ይታይ፤ የስልክ መስታወት ለታላቅ ሰው ዓይን አይሆንም። መጀመሪያ ሳታቋርጡ አንዴ ሙሉውን አሳዩ። ማንም አይጠይቅ። ከዚያ ድጋሚ፣ እያቆማችሁ። «እማማ፣ ይሄ ፒያሳ አይደል?» ብላችሁ አትጠይቁ። ለእንግዳ ፊት «አዎ ልጄ» ይሉላችኋል። «እማማ፣ ይሄ የት ይመስልዎታል? ምኑን አይተው ለዩት?» በሉ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። «ያ በር የሀጂ እገሌ ሱቅ ነው፣ ጎኑ ላይ ቧንቧ ነበር» ሲሉ ማስረጃ አገኛችሁ።

ድምፃቸውን ቅረጹ፤ አስፈቅዳችሁ። ሁለት ሰዎች ካልተስማሙ አታስታርቁ። ሁለቱንም ጻፉ። ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ ከሦስቱ አንዱን አኑሩ፦ «በዓይኔ አይቻለሁ»፣ «ሰምቻለሁ»፣ «ይመስለኛል»። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ሲመረምረው የትኛውን ይዞ እንደሚነሣ ያውቃል።

አንድ ጥንቃቄ አለ፣ ቀላል አይደለም። የዚያ ዘመን ምስል ረሃብ አለበት። ቀይ ሽብርም አለበት። አንዲት እናት በሰልፉ መሃል ያልተመለሰ ወንድማቸውን ወጣት ሆኖ ሊያዩት ይችላሉ። ከመጀመራችሁ በፊት ምን ዓይነት ምስል እንዳለበት ንገሯቸው። ማየት የማይፈልግ ቡናውን ጠጥቶ ይሂድ። ሰው ካለቀሰ አቁሙ፤ ቪዲዮውንም፣ ቀረጻውንም። የተራበ ሰው ፊት ያለበትን ክፍል ለማኅበራዊ ሚዲያ ቆርጣችሁ አትልቀቁ። ያ ሰው ለመቀረጽ ፈቃድ አልተጠየቀም፤ ቤተሰቡ ግን ዛሬም እዚሁ አለ።

ደረጃ 9፦ ማስቀመጥና መመለስ

ሦስት ኮፒ አድርጉ። ሁለቱ በተለያየ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ በኢንተርኔት ማከማቻ። ሁሉም ደሴ ላይ እንዳይሆኑ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም መዘረፉን ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ዲስክ አዲስ አበባ ይቀመጥ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም አንድ ኮፒ እንዲይዝ ጠይቁ። ዲስኮቹን በየዓመቱ ክፈቱና የሚነበቡ መሆናቸውን አረጋግጡ።

ከማሠራጨታችሁ በፊት የባለቤትነቱን ጉዳይ እዩ። ጣቢያ የቀረጸው የጣቢያው፣ ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁትም የጫነው ድርጅት ሊሆን ይችላል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ደብዳቤ ጽፋችሁ ጠይቁ። ስትጠይቁ የሠራችሁትን መዝገብ አያይዙ። የእነሱ ማኅደር ውስጥ «ያልታወቀ ከተማ» ተብሎ የተቀመጠውን እናንተ ሰፈሩን ጭምር ስለምትነግሯቸው በር ሊከፍትላችሁ ይችላል።

ዋናውን ፊልም ለባለቤቱ መልሱ፤ በአሮጌው ቆርቆሮ ሳይሆን በአዲሱ ሣጥን። አሮጌውን ቆርቆሮም አብራችሁ ስጡ። ሣጥኑ ውስጥ አንድ ገጽ ወረቀት ክተቱ። ቦታው፣ ዘመኑ፣ ማን እንደለየው፣ በምን ማስረጃ፣ የትኛው አልተለየም፣ ኮፒው የት የት እንዳለ ይጻፍበት። በእርሳስ ይሁን፤ ቀለም እርጥበት ሲያገኘው ይፈሳል። ወረቀቱ ፊልሙን እንዳይነካ ክዳኑ ላይ በፖስታ አድርጉት።